ወደ ግራ የዞረው ቅርጫት

አስተማሪው ስፌት የተማረው ወዶ አይደለም፤ ፍርሃት ነው ያስተማረው። በጦርነቱ ጊዜ ከተማዋን የያዙት ወታደሮች አስተማሪ የተባለን ሁሉ እየለቀሙ ይወስዱ ነበር፤ ከሄዱት ደግሞ አንድም የተመለሰ የለም። አክስቱ ቤት ተደብቆ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አንድ አስር አለቃ ገብቶ «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የአክስቱን ቅርጫቶች አየና «ቅርጫት ሰፊ ነኝ» አለ፤ ከየት እንዳመጣው እንጃለት።

«ጥሩ፤ ለዳቦ መያዣ እንፈልጋለን። ሐሙስ መጥቼ የሰፋኸውን አያለሁ» ብሎት ሄደ።

አራት ቀን ብቻ። አክስቱ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችውና ወስፌ አስጨበጠችው። ሳሩን ጠቅልሎ፣ በወስፌው በስቶ፣ አክርማውን አሾልኮ ማጥበቅ ነው፤ ለሚያየው ቀላል ነበር። ጣቶቹ ደሙ። መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ ይዞራል፣ ወስፌውም ይስታል።

«አንተ፣ ቅርጫት ስፋ አልኩህ እንጂ ጣትህን ስፋ አልኩህ?» ትለዋለች። ልታስቀው ብላ ነው እንጂ የእሷም ጆሮ በሩ ላይ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አስር አለቃው መጣ። ቅርጫቱን አገላብጦ አየው፤ ከግድግዳው አንዱን አወረደና አጠገቡ አስቀመጠው።

«እናቴ ሰፊ ነበረች» አለ ቀስ ብሎ። «የእሷም፣ የነዚህም ዙር ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ያንተ ለምን ወደ ግራ ዞረ?»

አስተማሪው ክው አለ። ከልጅነቱ የሚማር ሰው ከሰፊዋ ጎን ተቀምጦ ነው የሚያየው። እሱ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ እንደ መስታወት ገልብጦ ነበር የያዘው።

«ግራኝ ስለሆነ ነዋ» አለች አክስቱ። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፍዳዬን ያበላኝ በዚህ እጁ ነው።»

አስር አለቃው የአስተማሪውን እጆች አየ። ከዚያ መዝገቡን ዘረጋና እስክሪብቶ አቀበለው። «ስምህን ጻፍ።»

ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ተነሳ። ወዲያው መለሰውና በግራው ተቀበለ። ስሙን ዶሮ የጫረው አስመስሎ ጻፈ። አስር አለቃው መዝገቡን አጠፈ፤ «ለሚመጣው ሳምንት አስር ቅርጫት» ብሎ ወጣ።

ጦርነቱ ካለቀ ይኸው ሃያ ዓመት ሆነው። አስተማሪው ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ድሮ ጽሑፉ ለጉድ ያምር ነበር፤ የዛሬ ተማሪዎቹ ግን አይተውት አያውቁም፣ ሰሌዳው ላይ በግራ እጁ የሚጭረውን እያዩ ይስቁበታል። ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ሲሆን በቀኙ ይጽፋል። በሩ ከተንኳኳ እስክሪብቶውን መጀመሪያ ወደ ግራ እጁ ያዛውራል፤ ከዚያ ነው «ማነው?» የሚለው።