የዶኛ ኡበርሊንዳ ሳህን

ኖልፋ ካርካሞ ለኮሌጅ ልትመዘገብ በሄደችበት ጠዋት ግቢው ውስጥ ሁለት ሰልፎች ነበሩ። የመምህርነቱ ሰልፍ ከበሩ ተነሥቶ ግቢውን ዞሮ እስከ ውኃ ቧንቧው ይደርሳል። የንግድ ሥራ አስተዳደር የሚባለው ግን እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የሚያዛጉ ጥቂት የከተማ ጎረምሶች ብቻ የቆሙበት ነበር። ዝናቡ ያካፋል። በእኛ ደሴቶች ዝናብ ያላካፋ ዕለት ነው ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያየው።

ኖልፋ ከአክስቷ ልጅ ከሶንያ ኋላ፣ በረጅሙ ሰልፍ ላይ ነበረች።

«ምን ያቁነጠንጥሻል?» አለቻት ሶንያ።

«ያኛው ሰልፍ አጭር ነው።»

«አጭር ስለሆነ ነው የምትገቢበት? እንግዲያው ሽንት ቤቱም ሰልፍ የለውም፣ ሂጂያ።»

ኖልፋ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወደ አጭሩ ሰልፍ ተሻገረች። ሶንያ ቀልድ መስሏት ስትጣራ ቆየች፤ ኋላ ሰልፉ ወደ ፊት ሲንቀሳቀስ እሷም ተንቀሳቀሰች።

ልጅቱ ንግድ ወዳ አልነበረም። ሟች እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የደሴቲቱ አስተማሪ እንድትሆን ነበር የምትመኘው። ኖልፋን ወደዚያ ሰልፍ የገፋት የአባቷ ነገር ነው።

በእኛ ደሴት ለአንድ ቤተሰብ የከበደ ሥራ ሁሉ በደቦ ነው የሚሠራ። ድንች ሲቆፈር፣ ጀልባ ከውኃ ሲወጣ፣ የእንጨት ቤትም ከነጣሪያው ከቦታ ቦታ ሲጎተት ደቦ ይጠራል። ጠሪው ራሱ ቆቡን አውልቆ ቤት ለቤት እየዞረ ይለምናል፤ የተለመነው ይመጣል፤ ነገ ደግሞ በተራው ይለምናል። ይህን የሚጽፍ የለም፤ የሚረሳም የለም። የኖልፋ እናት በሞተች ጊዜ አባቷ ዶን ክሎሪንዶ በሩን ዘጋ። ሲጠሩት አንድ ቀን «ወገቤን አሞኛል» ይላል፣ ሌላ ቀን ደግሞ «ጀልባዬ ውኃ ታስገባለች» ይላል። ማንም አልተጣላውም። ቤት ለቤት ሲዞሩ ግን የእሱን በር እያለፉ መሄድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ እሱም በምን ፊቱ ሊለምን?

ከቤታቸው ሥር ደግሞ ባሕሩ ዳርቻውን ይቦረቡራል። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ገመሳ መሬት እየተናደ ይወርዳል። አስቀድሞ የዶሮ ቤቱ ሄደ፤ ቀጥሎ እናቷ የተከለችው የፖም ዛፍ ከነፍሬው ሄደ። ቤቱ ወደ ዳገቱ ካልተጎተተ የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ዶን ክሎሪንዶ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በቱቦ እየመጠጠ ያንን ያያል እንጂ ቆቡን አንሥቶ አይወጣም።

አንድ የኮሌጅ ሰው ኖልፋ ወደምትማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት መጥቶ ስለ ንግድ ሥራው ትምህርት ያወራው በዚያው ሰሞን ነበር። «ይኸኛው በቀጥታ ሥራ ያስገባል፤ በሁለት ዓመት ደመወዝተኛ ትሆናላችሁ» አለ። ሌላም ብዙ ተናገረ። ኖልፋ የሰማችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደመወዝ ያለው ሰው ይቀጥራል፣ የሚቀጥር ሰው ቆቡን አያወልቅም።

ለአባቷ የነገረችው ተመዝግባ ከተመለሰች በኋላ ነበር።

«ንግድ?» አለ። «እኛ የምንሸጠው ምን አለንና?»

«ሥራ ያስገኛል አባዬ።»

«እናትሽ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ማቴውን ሞላላትና ሰጣት።

በካስትሮ ከተማ የተከራየችው ክፍል ውኃው ላይ በእንጨት እግር ከቆሙት ቤቶች በአንደኛው ነበር። ማዕበሉ ሲሞላ ከወለሉ ሥር እንደሚያጉረመርም ሆድ ይሰማታል፤ ሲሸሽ ደግሞ የጭቃው ሽታ በሳንቃው ቀዳዳ ይገባል። አከራይዋ ጆሮዋ የከበደ አሮጊት ስለነበረች ኖልፋ ማታ የምታወራው ሰው አልነበራትም። ክፍል ውስጥ ጎረምሶቹ «ደሴት» ብለው ነበር የሚጠሯት።

«ደሴት፣ ዛሬ በዋና ነው የመጣሽው?» ይላታል አንዱ፣ ፀጉሯ ዝናብ ጠጥቶ ስትገባ።

«በዋና ነው። አንተን ግን መንገድ ላይ አጣሁህ፤ ሰጠምክ ብዬ ነበር።»

ይስቁላታል። ተስቆ ሲያልቅ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶውን ይቀራል። ሶንያን ከመምህርነቱ ሕንፃ ከጓደኞቿ ጋር እየተንጫጫች ስትወጣ ታያታለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእጅ ሰላም ይባባሉ ነበር። በኋላ ሶንያ በጨዋታው መሐል አላየቻትም፤ ኖልፋም እንድታይ አልጠራቻትም።

ትምህርቱን ግን ያዘችው። አንድን ሥራ እንዴት እንደሚከፋፍሉ፣ ለማን የቱን እንደሚሰጡ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተነጋግሮ መጨረስ ጠብን እንዴት እንደሚያስቀር ተማረች። በዕረፍቱ ወራት በአንድ ዓሣ አርቢ ኩባንያ መጋዘን ተቀጥራ ሠራች፤ ያገኘችውን ሳትነካ ይዛ በበጋው ማብቂያ ወደ ደሴቷ ተሻገረች። ቤት ለቤትም ዞረች።

የደሴቲቱ ብርቱ በሬዎች የዶኛ ኡበርሊንዳ ነበሩ። ዶኛ ኡበርሊንዳ የእናቷ የልብ ወዳጅ ናት፤ እጇ እንደ ወንድ እጅ የሰፋ፣ ቁጥብ ሴት።

«ዶኛ ኡበርሊንዳ፣ ቤታችንን ወደ ዳገቱ ልናወጣው ነው» አለቻት ኖልፋ። «በሬዎችዎን ከነልጆችዎ ለአንድ ቀን ልቅጠር።»

«ልቅጠር አልሽ?»

«ለቀኑ እከፍላለሁ። በእኛ ምክንያት ማንም እንዲቸገር አልፈልግም።»

ሴትዮዋ ትኩር ብላ አየቻት። «አባትሽስ የት ነው?»

«ቤት ነው። ወገቡን ትንሽ...»

«ወገቡን» አለች ዶኛ ኡበርሊንዳ። «እሺ ልጄ። ካልሽ እንመጣለን።»

መጡም። መስኮቶቹ ተነቅለው፣ ምድጃው ወጥቶ፣ ከቤቱ ሥር ሁለት ረጃጅም ግንዶች ገብተው፣ በሬዎቹ ጥማድ በጥማድ ተደርድረው ጎተቱ። ኖልፋ ማን የት እንደሚቆም አስቀድማ ስለተናገረች ማንም ከማንም አልተጋጨም። በደቦ ቀን ቢሆን ሁሉም አዛዥ ነው፤ አንዱ «ግራ» ሲል ሌላው «ቀኝ» ይላል፣ ሕፃናት በመስኮቱ እየገቡ በበሩ ይወጣሉ፣ ባለቤቱ የፖም ጠጁን ይዞ ከቤቱ ጎን ይሮጣል፣ ሚስቱም ስለምትሰበረው ጣባ ትጮኻለች። ያን ቀን የተሰማው የሰንሰለቱ ድምፅና የበሬዎቹ ትንፋሽ ነው። ቤቱ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አዲሱ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ዶን ክሎሪንዶ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ማንን እንደሚያመሰግን ጠፍቶበት፣ ከገዛ ቤቱ ኋላ ኋላ ይሄድ ነበር።

ሲነጋጋ አሳማውን አርዶ ነበር፤ ያለውም አሳማ ያ ብቻ ነበር። በሳንቃ በተሠራ ረጅም ገበታ ላይ ሥጋው፣ ጮማው፣ የድንች ቂጣው፣ ጠጁ ቀረበ። ኖልፋ ለእያንዳንዱ ሰው ክፍያውን በእጁ ሰጠች። እያንዳንዱም ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፤ በሬውን ፈቶ ቁልቁል ወረደ።

«ቀርቧል እኮ፣ ግቡ እንጂ» ትላለች።

«እግዜር ይስጥልን፣ ቤት ይጠብቁናል» ይላሉ።

በመጨረሻ የቀረችው ዶኛ ኡበርሊንዳ ነበረች፤ ቀንበሩን ታስተካክላለች።

«እርስዎም አይቀመጡም?»

«ለቀኑ ከፍለሻል ልጄ። ምሳ አልተነጋገርንም።»

«ተቀይመውኝ ነው?»

«ምን ብዬ እቀየማለሁ? ሥራሽ ንጹሕ ነው። እኛ ካንቺ የምንፈልገው የለ፣ አንቺም ከእኛ የምትፈልጊው የለ። አንቺ ነገ ከነገ ወዲያ ከተማሽ ትገቢያለሽ።» ወደ ቤቱ በር አየት አደረገች። «እሱ ግን እዚሁ ነው።»

ሁለቱ፣ አባትና ልጅ፣ ደሴቲቱን ሙሉ ሊያበላ በተዘረጋው ገበታ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ የጠጁን አረፋ ያንቀሳቅሰዋል።

«ጣሪያው እንኳ አልተላቀቀም» አለ አባቷ። «ጎበዝ ነሽ።»

ኖልፋ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ቤቱን ከባሕሩ አድናዋለች። ሰውዬውን ግን ከቀድሞው ወደ ባሰ ብቸኝነት ዳገት አውጥታ አስቀመጠችው። እስከ ትናንት ቢያንስ ሰዎች «ይኼ ሰው ብድር አለበት» ብለው ያስቡት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በምን ያስቡታል?

«አልሄድም አባዬ» አለች። «ትምህርቱን እተወዋለሁ።»

«ትሄጃለሽ። መርጠሻል።» ወደ ገበታው ዞሮ «ይኼ ሁሉ ሥጋ ምን ይሁን?» አለ።

እናቷ ትዝ ያለቻት ያኔ ነው። አሳማ በታረደ ማግስት እናቷ ሳህኖቹን ትደረድርና ከየብልቱ ትከፋፍላለች፤ ተሸካሚዋ ትንሿ ኖልፋ ነበረች። የተላከ ሳህን በዚያው ቀን አይመለስም። ከተቀባዩ ቤት ይሰነብትና እሱ የራሱን አሳማ ሲያርድ ሳህኑ ያንኑ ብልት ተሸክሞ ይመለሳል። እስከዚያው ሁለቱ ቤቶች ይጠባበቃሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆኑትን የእናቷን ሳህኖች አወጣች። ሞልታ ግማሹን ለአባቷ ሰጠችው።

«ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበል። ሳህኑን ያዝ ብቻ።»

አንዳንዱ ቤት ተቀበላቸው። አንዳንዱ ደግሞ ሥጋውን ወደ ራሱ ድስት ገልብጦ ሳህኑን እዚያው አጥቦ መለሰላቸው፤ የታጠበ ሳህን መጠባበቅ የለም ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዶኛ ኡበርሊንዳ በሩን ከፍታ ቆመች። ዶን ክሎሪንዶ እጁ በሳህኑ ተይዞ ቆቡን ማውለቅ ስላቃተው አንገቱን ቢያዘነብል ቆቡ ከጭቃው ላይ ወደቀ።

«የትናንቱ ትራፊ ነው» አለ።

«ትራፊ አልበላም እኔ።»

«ማንም ካልነካው ትራፊ ነው እንዴ?»

ሴትዮዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ግን አልቻለችውም። ጎንበስ ብላ ቆቡን አነሣችና ጭቃውን በሽርጧ ጠርጋ ራሱ ላይ ደፋችለት። ሳህኑን ተቀበለችው።

«የእኔ አሳማ ገና ግልገል ነው። ክረምቱ ሳይገባ አላርደውም።»

«እንጠብቃለን» አለ ዶን ክሎሪንዶ።

ኖልፋ ወደ ካስትሮ ተመለሰች። ክረምቱ ሲገባ መጥታ አባቷን ከቤት ብታጣው የዶኛ ኡበርሊንዳ ጣሪያ ላይ ሚስማር በአፉ ነክሶ አገኘችው። ወገቡን ብትጠይቀው «እዚህ ላይ ሲወጡ ይረሳል» አላት። ከዓመታት በኋላ በሞተ ጊዜም የደሴቲቱ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ተሸከሙት፤ ሳህን አጥበው የመለሱት ሳይቀሩ።

እሷ ግን በከተማ ቀረች። ትምህርቱ እንደተባለው ሥራ አስገባት፤ አንዱ ኩባንያ ሲዘጋ በሌላው እየተቀጠረች እዚያው አረጀች። የቀጣሪነቱን ወንበር ያገኘችው ዘግይታ ነው፤ ሠራተኞቿም ደግ አለቃ ነበረች ይሏታል። ደመወዛቸውን ሰጥታቸው ወደየቤታቸው ሲሄዱ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ትንሽ ትቆም ነበር። ሶንያ የደሴቲቱ አስተማሪ ሆና ነበር፤ የሚማር ልጅ ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ።

በኖልፋ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ጠርዙ አበባ የተሳለበት፣ የእሷ ያልሆነ ሳህን ተሰቅሏል። ዶኛ ኡበርሊንዳ ዓይኗ ሳይፈዝ በጀልባ የላከችላት የመጨረሻው ነው። አሁን በዶኛ ኡበርሊንዳ ቤት ያለችው ልጇ ናት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ ኖልፋ ከገበያ መልካም ሥጋ ትገዛለች፤ ሳህኑን ታወርዳለች፤ በጨርቅ ልትጠቀልለው ትጀምራለች። ከዚያ ትተወዋለች። ሥጋውን ለብቻዋ ጠብሳ ትበላና ሳህኑን ወልውላ ወደ ሚስማሩ ትመልሰዋለች።

ጀልባ ነጂው አንድ ጊዜ ነግሯታል። ደሴቲቱ ላይ አሳማ በታረደ ቁጥር የዶኛ ኡበርሊንዳ ልጅ ሳህኖቹን ስትደረድር «አንዱ ኖልፋ ዘንድ ነው ያለው» ትላለች አሉ።

«ልውሰድልሽ እንዴ?» አላት ጀልባ ነጂው።

«ይቆይ» አለች ኖልፋ።