ኤርጎጌ በምሕረቱ ለቅሶ ላይ የዘመረች ዕለት

ኤርጎጌ የሆሳዕና ከተማ ልጅ ናት። ጆሃንስበርግ ባሉት የሐበሻ ወንጌላውያን ጉባኤዎች መዝሙሯን የማያውቅ የለም። ዛንድስፕሩት በምትባል የከተማዋ ዳር ሰፈር ከባሏ ከአቢሶ ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ዳቦና የስልክ ካርድ ትሸጣለች።

ሱቁ በተዘረፈ ሰሞን፣ በአገሬው ቋንቋ ጎጎ፣ አያቴ፣ የምትላት አሮጊት ደንበኛዋ ወደ ካቶሊኮች አዳራሽ ወስዳ አስጠለለቻት። ጠዋት አብራት ቅዳሴ ገባች። እዚያ “ዘምሪልን” የሚላት አልነበረም። ከኋላ ተንበርክካ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ መመላለስና መማር ጀመረች፤ በተከታዩ ዓመት ለፋሲካ ካቶሊክ ሆነች።

አቢሶ ሲሰማ አልጮኸም።

“ሱቁን ያከራየን የቸርች ሰው፣ ዕቃ የሚያመጣልን የቸርች ሰው” አላት። “እኔን የት ልታደርጊኝ ነው?”

የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ሕዝቅኤል ደግሞ ከመድረክ አወረዷት። መዝሙሯን ሌላ ልጅ ትዘምረው ጀመር።

በዚህ መሀል ዲፕስሉት በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ያለው የጉባኤው አባል ምሕረቱ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ሚስቱ በቀለች ለኤርጎጌ ደወለች።

“ሱቅ ሲከፍት የሚያንጎራጉረው ያንቺን መዝሙር ነበር” አለቻት። “አስከሬኑ አገር ቤት ሳይሄድ መጥተሽ ዘምሪለት። እባክሽ እህቴ።”

ኤርጎጌ ለቅሶው ወዳለበት የጉባኤው አዳራሽ ሄደች። ጋሽ ሕዝቅኤል ማይክሮፎኑን ሰጧት። ድምፅዋ ሁለቴ ተሰበረባት፤ ሕዝቡ እየተቀበለ አስጨረሳት። ዘምራ ስታበቃ ጋሽ ሕዝቅኤል ትከሻዋን ያዙ።

“ወገኖች! ጌታ በኀዘን መካከልም ይሠራል። እህታችን ተመልሳለች!”

አዳራሹ በሃሌ ሉያ ተናጋ። ኤርጎጌ “አይደለም” ልትል አፏን ከፈተች። ሣጥኑ ፊቷ ነው። በቀለች እጇን ጭምቅ አድርጋ ይዛ “ተመስገን፣ ተመስገን” ትላለች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ።

መኪና ውስጥ አቢሶ “ተገላገልን” አለ።

“አልተመለስኩም እኮ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ሬሳ ፊት ልከራከር?”

በሳምንቱ ጋሽ ሕዝቅኤል ቤት ሄዳ እውነቱን እንዲናገሩላት ለመነቻቸው። በትዕግሥት ሰሟት።

“ልጄ፣ እኔ አልከለክልሽም። ግን መጀመሪያ ለበቀለች ንገሪያት።”

ለበቀለች ልትነግራት ደወለች። በቀለች ቀድማ ጀመረች፦ “ጌታ ምሕረቱን ለምን ወሰደብኝ እያልኩ ስጮህ፣ አንቺን ለመመለስ ነው ብዬ ነው የተጽናናሁት። ሌላ ምን ቀረኝ?” ኤርጎጌ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠይቃት ስልኩን ዘጋች።

አሁን እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ትቆማለች። አቢሶም ቀድሞ ለብሶ፣ የመኪናውን ሞተር አስነስቶ ይጠብቃታል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ዕቃ ልገዛ ብላ ትወጣና ቅዳሴ ትገባለች። ሌሎች ለቁርባን ሲሰለፉ እሷ ከመቀመጫዋ አትነሣም፤ በሁለት አፍ እየተናገርኩ እንዴት እቀበላለሁ ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጎጎ ክንዷን ነካ አድርጋ “አትመጪም?” አለቻት።

“ለሚቀጥለው” አለች ኤርጎጌ፤ ጎጎ እንድታልፍም እግሯን ሰበሰበችላት።