የእናቴ ንቅሳትና አረንጓዴው መብራት

ቢቸና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር የልብ ምት የሚለካ የእጅ ሰዓቷን ትታልኝ ሄደች። ለፋሲካ ሞጣ እናቴ ዘንድ ስገባ እጄ ላይ ነበር።

እናቴ ሞጣ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ደጅ ላይ ሳቅፋት ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆነብኝ።

"ጾሙ ነው" አለችኝ ሳልጠይቃት። እኔም አልተከራከርኋትም።

ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን ሳወልቅ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየችው።

"ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ልብ የሚቆጥርበት ነው። መብራቱ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልብሽ በመታ ቁጥር ወደ እጅሽ ብዙ ደም ስለሚመጣ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ያንሳል፤ ከዚያ ደግሞ ይጨምራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው።"

"ሳይወጋ?"

"ሳይወጋ።"

"እስቲ የኔንም ይቁጠር።"

ግራ እጇ ላይ አሰርሁላት። ጠበቅን፤ ቁጥር የለም። አጥብቄ አሰርሁት፤ አሁንም የለም።

"ልቤን ገበያ ረስቼው መጥቼ ይሆናል" ብላ ሳቀች።

ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ልጅ ሳለች የተነቀሰችው መስቀል የእጅ አንጓዋን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ የንቅሳቱ ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ደም ጋ ሳይደርስ ያስቀረዋል። ወደ ክንዷ ከፍ አድርጌ ባልተነቀሰው ገላዋ ላይ አሰርሁት። ቁጥሩ ወዲያው መጣ። ዳገት እየሮጠ የወጣ ሰው ቁጥር ነበር፤ እሷ ግን መደብ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች።

ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ የእጇን ትርታ በጣቴ ያዝሁ። አልተሳሳተም።

"እማ፣ ልብሽ እንዲህ ሲመታ አይሰማሽም?"

ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገች።

"ከክረምት ጀምሮ ነው። እንቅልፍም የለኝ። ሰው ሲበርደው እኔን ያልበኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ ቢቸና ነሽ። ማስተማርሽን ጥለሽ እንድትመጪ ነው?"

መቆጣት ጀምሬ እንባዬ ቀደመኝ። ታማሚዋ እሷ ሆና እኔን ስታባብል ቆየች።

በዓሉ እንዳለፈ ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሟ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። የሰዓቱን ነገር ስነግራት "ጠቁሟችኋል፤ በሽታው ምን እንደሆነ ግን አይናገርም" አለችና ራሷ ለካቻት። ከዚያ "እማማ፣ ነጠላዎን ዝቅ ያድርጉልኝ" አለች።

የእናቴን እንቅርት በእጇ ዳሰሰችው።

"እሱ እንኳ ከልጅነቴ አብሮኝ የኖረ ነው፤ ነክቶኝም አያውቅ" አለች እናቴ።

"አሁን ግን ከልክ በላይ እየሠራ ልብዎን የሚያስሮጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም።"

ደሟ ባሕር ዳር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ። ክኒን ጀመረች። መድኃኒቱ ቶሎ አልያዛትም፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቴ ልተወው ብላ ለምኛታለሁ። ትምህርት ተዘግቶ ስሄድ ግን ፊቷ ሞላ ብሎ፣ እንደ ድሮዋ ረጅም እንቅልፍ ስትተኛ አገኘኋት። ሰዓቱን ልተውላት ብል "እሱ ላይ ሳፈጥ ልዋል?" ብላ መለሰችልኝ።

አሁን ከቢቸና ስደውልላት ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ የጉልበቷንም የጥርሷንም ሕመም አንድ በአንድ ትነግረኛለች። አንዳንዴ የክፍል መግቢያ ደወል ይደወልብኛል፤ ቢሆንም አላቋርጣትም።