ወንድ የማይወለድበት ቀበሌ

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። የነጻ ሕክምና ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ቤት ለቤት ዞሬ መዘገብኩ። ደምሬ፣ ደግሜ ደምሬ፣ ኮራ ብዬ አስረከብኩ።

ሪፖርቱ በስብሰባ ሲነበብ ከጤና ቢሮ የመጡት ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ቀበሌ ወንድ አይወለድም እንዴ? ሁሉም ሴት ነው እኮ!»

ሊቀመንበራችን ቱግ አሉ። «ቁጥሩ ከየቤቱ የመጣ ነው፣ ጓድ!»

«ከየቤቱ መምጣቱን መቼ ካድኩ? እውነት ነው ወይ ነው ያልኩት።»

እኔም ደሜ ፈልቶ ተነሳሁ። «ወንዶቹ ገጠር ዋሂል ናቸው፣ አጎታቸው ጋ። እናቶቻቸው ነግረውኛል።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዋሂል ያን ሁሉ ልጅ የት ታስተኛዋለች ብዬ አለማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ እንደገና ይመዝገብ ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤቴ የቢሮዬን በር አንኳኳች። «ዋሂል ነው» ያለችኝን የአምስት ዓመት ልጇን አዝላለች። በወባ ይንቀጠቀጣል። መዝገቡን ስከፍት እጄን ያዘችኝ።

«አትጻፊው አቦ! ወረቀቱን ብቻ ስጪኝ።»

«ሳይመዘገብ ወረቀት አይሰጥም እኮ።»

«ትልቁን ልጄን ከዝርዝር አይተው ለውትድርና ሁርሶ ወሰዱብኝ። ይሄም ያድጋል፣ መዝገቡ ይጠብቀዋል ወላሂ።»

ልጇን ይዛ ልትመለስ ዞረች። ብዕሬን አነሳሁና ጾታ በሚለው ቦታ «ሴት» ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ሳያነቡ ማኅተም መቱበት።

ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ድሬሰሩ ወረቀቱን አየ። የልጁን ሱሪ ዝቅ አድርጎ መርፌውን ወጋውና ወረቀቱን እንደገና አየ።

«አይዞሽ፣ አለቀ» አለው።

በማግስቱ ቢሮዬ በር ላይ እናቶች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ሁሉም «ሴት» ልጅ ነበራቸው። ሳልጠይቅ ጻፍኩ።

ሽማግሌው ተመልሰው አዲሱን ዝርዝር አገላበጡ። የሴቱ ቁጥር እጥፍ ሆኗል። ላብ አጠመቀኝ።

«ወንዶቹ ከዋሂል ተመለሱ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ተመልሰዋል፣ ጓድ።»

«እንግዲህ ቁጥሩ አሁን ልክ ነው» አሉና ፈረሙ።