የጋቢው ሌላኛው ጫፍ

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሽሮ ሜዳ ቤታችን ስደርስ ግቢው እርጥብ ጥጥና ሳሙና ይሸት ነበር። ሽታው ወዲያው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

አክስቴ ጉልበቷን የምትለካው በጋቢ ነበር። ያጠበችውን ጋቢ ከሌላ ሰው ጋር ጫፍና ጫፍ ይዛ ትጠመዝዛለች። ውሃው ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ከጨመቀችው፣ "ዘንድሮም አላረጀሁም!" ብላ ትስቃለች። ሌላኛውን ጫፍ የምትይዘው ሁልጊዜ ታላቅ እህቴ ሰናይት ነበረች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የሰናይትን ክንድ በቅናት አያለሁ።

አንድ ቀን "ዛሬ እኔ ልያዝልሽ" ብዬ አክስቴን ለመንኳት።

"ይቺን ጋቢው ራሱ ይጠመዝዛታል!" አለች ሰናይት፤ እየሳቀች ወደ ቤት ገባች።

አክስቴ ግን ጫፉን ሰጠችኝ። ገና አንዴ ስታዞረው ከእጄ አመለጠና ጭቃ ላይ ወደቀ። አልተቆጣችኝም።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። እኔ ግን ጉልበቴን የማውቀው እኩል ከሚጎትተኝ ሰው ጋር ስይዘው ነው። በይ ሰናይትን ጥሪልኝ።"

ሄጄ ጠራኋት። የአክስቴን ቁጣ ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሰናይት አግብታ ሸጎሌ ትኖራለች። አክስቴ ዛሬ ጫፉን ለእኔ አቀበለችኝ። እግሬን አጽንቼ ጠመዘዝኩ፤ ከእጄ አልወጣም። ብዙም ሳንቆይ እሷ ለቀቀችው። ጋቢው ገና ይንጠባጠባል።

"ሰናይት ብትኖር ጥሩ አድርገን እንጨምቀው ነበር" አለች።

የድሮው ቅናት ተመለሰብኝ። እኔ ገና አልደከመኝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁና ጋቢውን እየተንጠባጠበ ወስጄ ገመድ ላይ አሰጣሁት።