አምባዛ ጎማዬን ያስተነፈሰ ዕለት

ሰዎች ተሰብስበው ዝም ሲሉ ሳይ እስከ ዛሬ መንገድ እቀይራለሁ። ምክንያቱን የሚያውቁ የፍኖተ ሰላም ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ! እኔም ታሪኩን ሳወራ መጀመሪያው ላይ እስቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን አልችልም።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሞባይል ስሙ እንኳ በእኛ አገር በማይታወቅበት ጊዜ ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበርኩ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቀኛል። የእጄ ጥቁረት በሳሙና አይለቅም፤ ሰማያዊ ቱታዬንም ከሩቅ የማይለየው የለም።

ዓሣ ማጥመድ የለመድኩት በጎረምሳነቴ የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ አርባ ምንጭ ስመላለስ ነው። በእኛ አገር ዓሣ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው። አምባዛን ደግሞ፣ ያን ጢማም ጥቁር ዓሣ፣ ጭራሽ የሚነካው የለም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ነው ይላሉ። ባለቤቴ የሺ «በድስቴ ካስገባኸው ድስቱንም አንተንም ነው ከቤት የማስወጣው» ብላ ምላብኛለች። እኔ ግን ይጣፍጠኛል፤ ምን ላድርግ? ሱቄ ጀርባ በቆርቆሮ ጠብሼ ከሾፌሮች ጋር እበላዋለሁ።

ፀሐይ ስትበረታ አምባዛ ወደ ጥልቁ ውሃ ይገባል። ከዳር ሆኖ መንጠቆ መወርወር ድካም ብቻ ነው፣ አይደርስም። ስለዚህ የትራክተር የውስጥ ጎማ ነፋሁና በመሐሉ የማዳበሪያ ጆንያ ወጠርኩበት። ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ሰድጄ፣ የዶሮ አንጀት መንጠቆ ላይ ሰክቼ ስንሳፈፍ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ሰሞን እናቴ ታማብኝ ነበር። የምትኖረው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። «ደረቴን ይወጋኛል ትላለች፣ እህልም አልቀመስ ብሏታል» የሚል መልእክት በገበያተኛ ደርሶኝ ሰኞ ልሄድ ተነሥቻለሁ። እሑድ ግን ሥራ የለ፣ ቤቱ በሙቀት እንደ ምድጃ ሆኗል። ጎማዬን ተሸክሜ ወደ ብር ወንዝ ወረድኩ።

ቱታዬን፣ ሸሚዜንና ጫማዬን ከአንድ ሾላ ሥር አስቀምጬ በቁምጣ ቀረሁ። ጎማውን በገመድ ከሾላው ሥር አሰርኩና ሰዉ «ባሕሩ» ወደሚለው ጥልቅ ስፍራ ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ ክሩ ተወጠረ። ምን ያለ ጉልበት ነው! ጎማው እንደ እንዝርት ዞረ። እኔ እጎትታለሁ፣ እሱ ይጎትታል፤ በመሐሉ ገመዱ ከዛፉ ተፈትቷል፤ አላየሁም። ለካ ከላይ ከቋሪት በኩል ዘንቦ ኖሮ ውሃው እየወፈረ ነው።

አምባዛ ከጎንና ጎኑ እንደ ወስፌ የሾለ እሾህ አለው። ስቤ ስቤ ወደ ጭኔ ሳስጠጋው ተወራጨና እሾሁን ጎማዬ ላይ ሰካው። ፉሽሽሽ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጎማ ስደፍን ኖሬ የራሴ ጎማ ከሥሬ ተነፈሰ። ውሃው አዙሮ ወሰደኝ። ገደሉንና ጠመዝማዛውን አልፌ፣ ጉልበቴን ድንጋይ መትቶኝ፣ ውሃም ጠጥቼ፣ በወዲያኛው ዳር የዛፍ ሥር ይዤ ወጣሁ። ክሩን በክንዴ ጠምጥሜው ስለነበር አምባዛውም አብሮኝ ወጣ።

ወደ ልብሴ ልመለስ ብል በሁለቱም በኩል ገደል ነው። ያለው አማራጭ ዳገቱን ወጥቶ በድልድዩ መዞር ነው። እያነከስኩ ስወጣ በመስኖ ሽንኩርት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ቁምጣዬን፣ ደም የቀባውን ጉልበቴን፣ ከዚያ ዓሣውን አዩ።

«እረግ! ምን ጉድ ነው የተሸከምከው ልጄ?»

«አምባዛ ነው አባቴ።»

«እሱን ከማሳዬ አርቅልኝና አንተ ና፣ ግባ።»

ከጎጇቸው አስገብተው ጋቢያቸውን አለበሱኝ፤ ጠላ ቀዱልኝ፤ ቆሎ ዘገኑልኝ። ጋደም እንዳልኩ ከማዶ የሴቶች እሪታ ተሰማ።

«ለቅሶ ነው መሰል» አሉ ጆሯቸውን አቅንተው።

«ነፍስ ይማር» አልኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ሽማግሌው «ጋቢውን ሌላ ቀን ታመጣዋለህ» ብለው ሸኙኝ። አምባዛዬን ካስቀመጥኩበት አንሥቼ በድልድዩ ዞሬ ከተማ ገባሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የማውቀውን ባለጋሪ ነው። ጎማውን ስንቴ ደፍኜለታለሁ! «አድርሰኝ እስቲ፣ እግሬን ተመትቻለሁ» አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ፤ «በስመ አብ ወወልድ» አለና ፈረሱን ገርፎ ሸመጠጠ። በአምባዛው ተጸይፎ ነው ብዬ ተናደድኩ። እንዲህ ካስጠላቸውስ ብዬ ዓሣውን በጋቢው ሸፈንኩት።

ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ጎረቤታችን አስካለ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ተገናኘን። እንስራዋን እንደተሸከመች ደርቃ ቀረች። አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆነሻል አስካለ?»

ግድግዳውን ታክካ፣ እኔን እንዳትነካ ተጠንቅቃ፣ አልፋኝ ሄደች።

በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው ምንም ሳያውቅ ይውላል፣ ጎረቤቱ ግን ሁሉ ያውቃል። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ቄስ ይዘው ይመጣሉ። እስከዚያ ያገኘህ ሁሉ ዓይኑን ይሰብርብሃል። እኔ ራሴ በስንቱ ሰው ላይ ዓይኔን ሰብሬያለሁ! ዛሬ ተራው የእኔ እንደሆነ ገባኝ።

እያነከስኩ ሮጥኩ። ቤቴ ሰላም ነው፣ ጭስ ይወጣል። የጎረቤቴ ግቢ ግን ሰው ሞልቶታል። የእድሩ ድንኳን እንደተጠቀለለ አጥሩን ተደግፏል። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው መሬት መሬት ያያሉ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ማን አለ? የእናቴ ወንድም አያ ጥሩነህ! ያለ ከባድ ነገር ከጅጋ የማይነቃነቀው አጎቴ!

አለቀ። እናቴ ሞታለች። እኔ አምባዛ ሳሳድድ ሞታለች።

«እናቴን! ውይ እናቴን! ሳላይሽ!» ብዬ መሬት ላይ ተደፋሁ። አምባዛው ከጋቢው ሥር ተንሸራቶ ከነፍስ አባታችን እግር ሥር ወደቀ። አምባዛ ቶሎ አይሞትም፤ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል። ግቢው ተተራመሰ። አግዳሚ ወንበሩ ከነሰዎቹ ወደ ኋላ ተገለበጠ። የነፍስ አባታችን መስቀሉን ወደ እኔ ዘረጉና «በስመ አብ! ከየት ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ከወንዝ!» አልኩ እያለቀስኩ።

ይህን ሲሰሙ አጥር ዘለው የሄዱም አሉ።

ጩኸቴን ሰምታ የሺ ከቤት ወጣች። እሷ ምስር ስትለቅም ነው የዋለች፤ ምንም አታውቅም። «እናቴን!» ስል ስትሰማ «እማማን!» ብላ ደረቷን እየመታች መጣች። ቀኑን ሙሉ እንባቸውን አፍነው የዋሉት ሴቶች ይህን ሲያዩ ለቀቁት። ሰፈሩ በሙሉ እናቴን አለቀሰ። ማን ለማን እንደሚያለቅስ ግን አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

በመጨረሻ የእድራችን ዳኛ ጋሽ አለሙ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«ቆይ! ዝም በሉ እስቲ! አንተ ደሳለኝ፣ አልሞትክም እንዴ?»

«እኔ? የሞተችው እናቴ ነች እንጂ!»

«እናትህ ሞቱ ብሎ ማን ነገረህ?»

«እናንተ ናችኋ!»

«እኛ ምን ተነፈስን?»

«ዝም አላላችሁም እንዴ ጋሽ አለሙ? ዝም አላላችሁም?»

ከዚያ ነው ቀስ በቀስ የተገለጠልን። ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ቱታዬንና ጫማዬን ከሾላው ሥር፣ የተነፈሰ ጎማዬን ደግሞ ድንጋይ ላይ ተጠምጥሞ አዩ። እሪ አሉ። ዋናተኞች ገብተው ቢያስሱ አጡኝ። ያን ከማዶ ሆኜ ነፍስ ይማር ያልኩለት ለቅሶ የእኔው ነበር።

አያ ጥሩነህ መጥቶ ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ የቆሰለ ጉልበቴን ዳሰሰኝ። ከዚያ በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ አቀፈኝ። ከዚያ ደግሞ ድንገት ለቀቀኝና ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ።

«ወየው ጉዴ! እናትህን እንዲያመጧት ሰው ልኬባታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«የሺ በጠና ታማለች፣ ድረሽላት በሏት ብዬ።»

«እኔ ምን ሆንኩ?» አለች የሺ፣ ፊቷ በእንባ እንደራሰ።

ማንም አልሳቀም። እናቴ ደረቷን የሚወጋት፣ እህል አልቀመስ ያላት ሴት ናት። መልእክተኞቹ በቅሎ ይዘው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ስልክ የለ፣ ወደ ቋሪት የሚሄድ መኪና የለ። ልጇ መሞቱን መንገድ ላይ ከጠረጠረች በቅሎዋ ላይ እንዳለች ትሞትብናለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ጎሕ ሲቀድ ከአያ ጥሩነህ ጋር ወደ ገበዝ ማርያም በሚወስደው መንገድ ወጣን። ለለቅሶው ሊዘረጉት አጥበው ያዘጋጁትን ቱታዬን ለብሻለሁ፤ ሸሚዜንና ጫማዬን ማን እንደወሰዳቸው አይታወቅም። ፀሐይዋ ማቃጠል ስትጀምር ከዳገቱ አንዲት በቅሎ ስትወርድ አየን።

እናቴ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ለሐዘን እንደሚለበሰው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ።

«እኛ ምንም አላልናትም!» አሉ መልእክተኞቹ ገና ከሩቅ። «የሺ ታማለች ነው ያልን። ሳንጨርስ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።»

እኔን ስታይ አልጮኸችም። በቅሎዋን አስቁማ ቀስ ብላ ወረደች። ቱታዬን አየች። እጇን ሰድዳ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን ዳበሰች።

«ደሴ ነህ?»

«ነኝ እማ።»

መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። እኔም ከእግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሕይወት አለች፤ እጇ ትኩስ ነው። እሷ ግን ግራ ገብቷት ተራ በተራ አየችን።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እማ።»

«ጥሩነህ፣ አንተ ንገረኝ። ማን ነው የሞተው?»

«ማንም፣ እቱ። በማርያም ማንም።»

«እንዲህ ተደርጎማ የሞተ ሰው አይጠፋም። አትደብቁኝ።»

መንገዱን ሙሉ ስትጠይቅ መጣች። ቤት ደርሳ የሺን በጤናዋ ስታይ፣ የቀረነውንም አንድ በአንድ ጠርታ ስትጨርስ ነው ነጠላዋን ያቃናችው። በዚያው ክረምቱን እኛ ዘንድ ቆየች፤ ደረቷም ተሻላት።

ጋቢውን ልመልስ ስሄድ ሽማግሌው «የዚያን ቀን ለቅሶ የማን ኖሯል?» ብለው ጠየቁኝ። «የእኔ ነበር አባቴ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሁለት ጊዜ አራግፈው ለበሱ። አምባዛውን ከዚያ ግቢ ማን እንዳነሣው ደግሞ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሁሉም አልነካሁም ይላል።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። በተገናኘን ቁጥር «ማን ነበር የሞተው?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር፤ እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን፣ እናቴ ቋሪት ሳለች፣ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ አለሙ በከዘራቸው ተደግፈው፣ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ጎረቤት ሁሉ ቆሟል። ዝም ብለዋል።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው።

ሁሉም ዓይናቸውን ሰበሩ። እኔ ግን በሩን ይዤ ቆምኩ፤ እንደዚያን ጊዜው «አንተ ነህ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ።