ጎንደርን ባሕር ላይ የጣልኩበት ትምህርት

ያለ መምህር፣ ሰው የጣለውን መጽሐፍ እያነሳሁ ነው የተማርኩት። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቱን ልጄ ላይ ስጭነው ግን ሥነ ሥርዓት እለው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ናት። አንድ ማታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ስታጠና መጽሐፉን ተቀበልኳት። ኬንትሮስ የተባሉት መስመሮች ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ ይወርዳሉ። ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመር ሰሜንና ደቡብን ካልለካ ምን ሊለካ ነው? መጽሐፉ የጎንደር ኬንትሮስ ሠላሳ ሰባት፣ ኬክሮሷ አሥራ ሁለት ነው ይላል፤ ስለዚህ ጎንደር ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሰሜን፣ አሥራ ሁለት ዲግሪ ምሥራቅ ናት ብዬ ወሰንኩ። መምህሯ ተቃራኒውን እንዳስተማራቸው ልትነግረኝ ስትሞክር፣ ለአባት ቃል መመለስ ስለሚያመጣው ጥፋት ረዘም ያለ ምክር ሰጠኋት።

የምታጠናለት ፈተና ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚላኩትን የሚለይ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ የተዘጋጀችበት። ጎንደር የት እንደምትገኝ ሲጠየቅ የእኔን መልስ ጻፈች፤ በዚያች አንድ ጥያቄ ተበልጣ ቀረች።

ውጤቱን በሰማሁ ማግስት ከምንኖርባት ከፀዳ በባጃጅ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ የኮላ ድባ ገበሬ ልጅ፣ ገና ወጣት ነው። ባልደረቦቹ ፊት ስለ ዘመኑ መምህራን ስንፍና ገሠጽኩት። አስጨርሶኝ ሉሉን አመጣና በራሴ ቁጥር ጎንደርን እንድፈልግ ጠየቀኝ። ጣቴ ጣሊያን አጠገብ ባሕር ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ጣሊያን እንኳን ፒያሳን ትቶልን ነው የሄደው» አለ። «እርስዎ ከተማውን በሙሉ ላኩለት።»

ባልደረቦቹ ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ትልም ሲቆጥሩ በትልሙ ውስጥ ነው የሚሄዱት ወይስ እያቋረጡ?» አለኝ።

እያቋረጥኩ ነው። በትልሙ ውስጥ የሚሄድ ሰው ቢመሽበትም ያው አንድ ትልም ላይ ነው። ኬንትሮስም ወደ ምሥራቅ እያቋረጡ የሚቆጥሩት ትልም ኖሯል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገኝም ነበር፤ አርሼ አድጌያለሁ።

ልጄ ተጠራች። እያወቀች ለምን የእኔን እንደጻፈች ጠየቅኳት።

«የእሳቸው ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ነው» አለች መሬት መሬት እያየች። «እርስዎ ግን ሁልጊዜ ቤት አሉ።»

በዚህ ማንም አልሳቀም።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ እንደገና እንዲጠይቃት ለመንኩት። ጠየቃት። አፏን ሳትከፍት አስቀድማ ፊቴን አየች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«አሥራ ሁለት ሰሜን፣ ሠላሳ ሰባት ምሥራቅ» አለች፤ ቤቴ ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። መምህሩ ስሟን የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁ።